የሱፍያን ስቲቨንስ ዘፈኖች፦ ከየት ይጀመር?

የሎሚ እርጎ። የተጎተተ ሸሚዝ። መሬት ላይ የወደቀ የሲጋራ መተርኮሻ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ሱፍያን ስቲቨንስ «ዩጂን» በሚለው ዘፈኑ እናቱን የሚያስታውሳት በእነዚህ ነው። የፈለገው አጠገቧ መሆን ብቻ ነበር። ዋና ያስተማረውን ሰውም ያነሳል። ሰውየው ስሙ አልያዝለት ብሎ «ሱባሩ» ይለው ነበር፤ እንደ መኪናው። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ስቲቨንስ ትልቅ ሐዘንን በትንሽ ዕቃ መናገር ያውቅበታል። ከሠራቸው ብዙ ዘፈኖች የትኞቹ የግድ ይሰሙ ብትሉኝ፣ የምመርጠው በዚሁ መለኪያ ነው።

የተወለደው በ1975 በዲትሮይት፣ ሚሺጋን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጊታር፣ ባንጆ (ከበሮ መሳይ ሆድ ያለው ባለ ክር መሣሪያ)፣ ፒያኖና ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወታል። ሥራው ኢንዲ ፎክ ይባላል፤ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ፣ በራስ አቅም የሚሠራ የጊታርና የግጥም ሙዚቃ ነው። አዝማቲክ ኪቲ የተባለውን አሳታሚ በ1999 ያቋቋመው ከእንጀራ አባቱ ከሎውል ብራምስ ጋር ነው። የሎውልን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ብዙ ሰው ያወቀው በ2003 «ሚሺጋን» በተባለው አልበም ነው። ያን ጊዜ ለ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች በሙሉ አንዳንድ አልበም እሠራለሁ ብሎ ነበር። የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ሚሺጋን»ና «ኢሊኖይ»። እቅዱ ለማስተዋወቂያ የተባለ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ግን ሁለቱም አልበሞች ድንቅ ናቸው።

«ሚሺጋን» የሚከፈተው በ«ፍሊንት» ነው። ፍሊንት በመኪና ፋብሪካ የኖረች፣ ፋብሪካው ሲዘጋ የደኸየች ከተማ ናት። ዘፋኙ ሥራውንም የሚያድርበትንም ያጣ ሰው ሆኖ ያንጎራጉራል። ፒያኖ፣ ትንሽ ትራምፔት፣ በቃ። ከዚሁ አልበም «ሮሙለስ»ን እንዳታልፉት። አያት ሆስፒታል ውስጥ ይሞታል። እናት ክፍሏ ውስጥ ሲጋራዋን ታጨሳለች፣ ፀጉሯን ቀለም ትቀባለች። ልጁ «አፈርኩባት» ይላል፣ ደጋግሞ። ከ12 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ታላቅ ሥራ ዘሩ እዚህ ነው የተዘራው።

በ2004 «ሰቨን ስዋንስ» መጣ፤ ከሞላ ጎደል መንፈሳዊ አልበም ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ የተወሰደው ከትንቢተ ኢሳይያስ 55፥12 ነው፤ የሜዳ ዛፎች ሁሉ ያጨበጭባሉ ከሚለው። የመጨረሻው ደግሞ «ዘ ትራንስፊጉሬሽን» ይባላል። እኛ በቡሄ የምናከብረው ደብረ ታቦር ማለት ነው፤ ታሪኩን ከወንጌል ሳይርቅ በባንጆ ይተርከዋል። ባንጆ ለዚህ ታሪክ እንዲህ ይስማማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በ2005 «ኢሊኖይ»። 22 ትራክ አለው፤ ብራስ (ትራምፔትና መሰሎቹ)፣ ቫዮሊን፣ ኮረስ፣ ሁሉም አለበት። ዝነኛው «ቺካጎ» ነው። በመኪና ስለመሄድ፣ ስለ ስህተትና እንደገና ስለመጀመር ይናገራል፤ «ሊትል ሚስ ሰንሻይን» ፊልም ላይ ከገባ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ታወቀ። ለአዲስ ሰው የማስጀምረው በእሱ ነው። «ጆን ዌይን ጌሲ ጁኒየር» ግን ከባድ ነው። 33 ሰው የገደለን ወንጀለኛ ታሪክ በለሆሳስ ይተርክና መጨረሻ ላይ ጣቱን ወደ ራሱ ያዞራል።

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጥ ብባል፣ ያለማመንታት «ካሲሚር ፑላስኪ ዴይ» እላለሁ። ርዕሱ ኢሊኖይ ውስጥ በማርች የመጀመሪያ ሰኞ የሚከበር በዓል ነው፤ ፖላንድ ተወልዶ ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጋ ሰው የሚታሰብበት። አንድ ወጣት ጓደኛው የአጥንት ካንሰር እንደያዛት ሲሰማ የዱር አበባ ይዞላት ይሄዳል። ማክሰኞ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይጸልዩላታል። ምንም አይሆንም። አንድ ቀን ጠዋት ነርሷ አንገቷን ደፍታ እየሮጠች ትገባለች፤ አንዲት ቀይ ወፍ መስኮቱን ትመታለች። ልቅሶ ቤት ስንቀመጥ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» እንላለን። ይህ ዘፈን የሚዘጋው ግን «ይወስዳል፣ ይወስዳል፣ ይወስዳል» ብሎ ነው። የሚያምን ሰው ነው ይህን የሚለው። ለዚህ ነው የሚያምመው።

በ2010 ባንጆውን አስቀምጦ በኤሌክትሮኒክ ድምፅ «ዘ ኤጅ ኦፍ አድዝ»ን ሠራ። የመዝጊያው ዘፈን «ኢምፖሲብል ሶል» 25 ደቂቃ ይፈጃል። ትዕግሥት ካላችሁ ይክሳል፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክርም።

አሁን ወደ ሎውል እንመለስ። የስቲቨንስ እናት ኬሪ ትታው የሄደችው ገና ሕፃን ሳለ ነው። የአእምሮ ሕመምና የመጠጥ ሱስ ነበረባት። ሎውልን ባገባችበት ጊዜ ልጆቹ ኦሪገን ግዛት እየሄዱ ጥቂት ክረምቶችን አብረዋት አሳለፉ። የሎሚው እርጎ የዚያን ጊዜ ነው። በ2012 ሞተች። «ኬሪ ኤንድ ሎውል» በ2015 ወጣ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው አልበም እሱ ነው። ከበሮ የለውም ማለት ይቻላል። እንጉርጉሮ ነው። «ሹድ ሃቭ ኖውን ቤተር» ላይ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሆነው እናቱ ቪዲዮ ቤት ጥላቸው እንደሄደች ይነግረናል። ዘፈኑ መሃል ላይ ዜማው ድንገት ይፈካል፤ የወንድሙ ሴት ልጅ ተወልዳለች።

«ፎርዝ ኦፍ ጁላይ» ደግሞ ሟችና ልጅ የሚነጋገሩበት ነው። እናቶቻችን «የኔ እርግብ» እንደሚሉት ኬሪም ልጇን በወፍ ስም እየጠራች ፍቅር ይበቃህ ነበር ወይ ትለዋለች። ትቼህ በመሄዴ ይቅርታ ትለዋለች። ከዚያ «ሁላችንም እንሞታለን» የሚለው ይደጋገማል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ማታ፣ ብቻዬን ነው የምሰማው።

«ሚስትሪ ኦፍ ላቭ» በ2017 ለ«ኮል ሚ ባይ ዩር ኔም» ፊልም የተሠራ ነው፤ ለኦስካር ታጭቷል። ለስለስ ያለ ነገር ለሚወድ እሱ ይሻላል።

በ2023 «ጃቭሊን» ወጣ። ስቲቨንስ አልበሙን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ለሞተው የፍቅር አጋሩ መታሰቢያ አደረገው። ስቲቨንስን ራሱን ደግሞ ነርቭን የሚያጠቃው ጊላን ባሬ የተባለ በሽታ ይዞት ስለነበር፣ አልበሙ ሲወጣ እንደ ሕፃን መራመድ እየተማረ ነበር። ከዚህ አልበም መጨረሻ አካባቢ ያለውን «ሺት ቶክ»ን ስሙ፤ ርዕሱ ጸያፍ ነው፣ ዘፈኑ ግን አይደለም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተጣልተው አብረው መኖር አቅቷቸዋል። መጣላት አልፈልግም ይላል፣ ደጋግሞ። ሁሌም እወድሃለሁ ይላል፣ ደጋግሞ። ከዚያ ቃል ያልቃል፤ ሙዚቃው ብቻውን ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል።