«ሎኩ አልቋል፣ ቀይረው»፦ ስለ መኪና የኋላ ኮፈን የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ የመኪናችሁ የኋላ ኮፈን አንዴ እየተከፈተ አንዴ እምቢ ካለ ምክሩ አንድ ነው፤ «ሎኩ አልቋል፣ ቀይረው»። ጎረቤት ይላል። የላቫጆ ልጅ ይላል። መለዋወጫ ሻጩማ ባይል ነበር የሚገርመው። ባለመኪናው ሎኩን ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሎ እኔ ጋ ይመጣል። «ይቺን ብቻ ግጠምልኝ» ይላል። «ቆይ መጀመሪያ ልፈትሸው» ስለው ፊቱ ይቀየራል። ሥራ ላበዛበት የፈለግኩ ይመስለዋል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የምፈትሸው ገንዘቡን ላተርፍለት ነው። ግን ማን ይሰማል? እስቲ ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸውና የሚያናድደኝ ላይ ቆም ልበል።

«ፊውዙ ተቃጥሎ ይሆናል»

የተቃጠለ ፊውዝ ከሰዓት በኋላ አይድንም። ጠዋት እምቢ ብሎ ማታ የተከፈተ ኮፈን ፊውዙ ደህና ነው። ፊውዙ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ላሜራ እየነካ ነው።

«የሪሞቱ ባትሪ ደክሟል»

በዚያው ሪሞት በሮቹ ከሩቅ ይከፈታሉ? እንግዲያው ባትሪውን ተዉት። ብዙ ሪሞቶች ላይ የኮፈኑ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነካ ተደርጎ አይሠራም። ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ አለበት። ይህንን የማያውቅ ሰው ቁልፉን በንዴት ሲነካካ ይውላል።

«ሎኩ አልቋል»

አሁን ወደ ዋናው። መጀመሪያ ሎኩ ምን እንደሚሠራ እንይ። በአብዛኞቹ መኪኖች ክዳኑ ላይ የሚዞር መንጠቆ አለ። ከታች የመኪናው ሰውነት ላይ ደግሞ በሁለት ብሎን የታሰረ ቀለበት መሳይ ብረት አለ። ክዳኑን ስትዘጉ ብረቱ መንጠቆውን ገፍቶ ያዞረዋል። ከጎኑ ያለች ትንሽ ጥርስ መንጠቆው እንዳይመለስ ትይዘዋለች። ለመክፈት ያቺን ጥርስ መሳብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በቆዩት ሴዳኖች ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ያለው ማንሻ በካቦ ይስባታል። በአዲሶቹ ትንሽ ሞተር ትስባታለች።

ይኸው ነው ሎክ ማለት። መንጠቆ፣ ጥርስ፣ ሞላ። ጥርሷ ከተሰበረች ተሰበረች፤ ሰኞ ተሰብራ ማክሰኞ አትጠገንም። አንዳንዴ የሚከፈት ኮፈን በአብዛኛው የሚነግራችሁ ሎኩ መሥራት እንደሚችል ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ወይ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይ ትእዛዝ አልደረሰውም፣ ወይ ክዳኑ ተጭኖት ጥርሷ አልላቀቅ ብላለች።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማገኘው የተበጠሰ ሽቦ ነው። ከሰውነቱ ወደ ክዳኑ የሚሄዱት ሽቦዎች ማጠፊያው አጠገብ በተሸበሸበ የጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከዚያ መዳቡ ክር በክር ይበጠሳል። ጫፎቹ ሲነካኩ ይሠራል፣ ሲራራቁ ይሞታል። ባለመኪናው ደግሞ ሎክ ይገዛል።

አንድ የድርጅት ሾፌር ሎክ አስቀይሮ፣ እሱም አልሆን ሲለው ሌላ አስቀይሮ መጣ። ሲያወራ የነበረው ስለ ሎክ ጥራት ነው። «የዛሬ ዕቃ!» ይላል። እኔ የማየው የታርጋ መብራቱን ነበር። አይበራም።

«የታርጋ መብራትህ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?»

«እሱማ ቆየ። አምፖሉን ቀይሬ ነበር፣ መልሶ ጠፋ። ትራፊክም ቀጥቶኛል።»

«ኮፈኑስ ከመቼ ጀምሮ ነው ያስቸገረህ?»

ዝም አለ። የጎማውን ቱቦ ከቦታው አውጥቼ ሳሳየው አንዱ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። ሌላው በጥቂት ክር ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ሎኮች ጤነኛ ነበሩ። አሮጌውን መልሼ ልግጠምልህ ብለው እንኳ እምቢ አለ፤ ገንዘብ የወጣበትን ይዞ መሄድ መረጠ።

ስለዚህ ሎክ ከመግዛታችሁ በፊት አካባቢውን እዩ። በዚያው ቱቦ የሚያልፍ ሌላ ምን አለ? የታርጋ መብራት፣ የኋላ ካሜራ፣ ክዳኑ ላይ ያለ የፍሬን መብራት። ሀችባክ ከሆነ፣ ማለትም ክዳኑ ከነመስታወቱ የሚነሳ ከሆነ፣ የኋላ መስታወት መጥረጊያም አለ። ከኮፈኑ ጋር ከእነዚህ አንዱም የሚያስቸግር ከሆነ መቶ በመቶ ባልልም እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽቦው ነው።

እቤት የምትሞክሩት ነገር ልንገራችሁ። ኮፈኑን ክፈቱት። ክዳኑ ከፍ ብሎ እንዳለ መንጠቆውን በካቻቢቴ ገፍታችሁ እስኪቆለፍ አዙሩት። ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ይላል። አሁን ቁልፉን ተጫኑ። መንጠቆው ተፈናጥሮ መመለስ አለበት። ይህንን ደጋግሙት፣ ሌላ ሰው ደግሞ የጎማውን ቱቦ ወዲያ ወዲህ ያነቃንቀው። ቱቦው ሲነካ የሚሠራና የሚያቆም ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ሽቦ ነው። ቱቦው ቢነካም ባይነካም ሁልጊዜ የሚፈታ ከሆነ ጥፋቱ ክዳኑ ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ ስለ ክዳኑ አቀማመጥ «ድርግም አድርገህ ዝጋው» በሚለው ሥር እንሄድበታለን። አደራ፣ መንጠቆው እንደተቆለፈ ክዳኑን እንዳትዘጉት። መጀመሪያ ፍቱት።

ጥገናውም ላይ አንድ ቃል። የተበጠሰውን ሽቦ እዚያው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በስታኞ አያይዞ በፕላስተር መጠቅለል ጊዜያዊ ነው። ስታኞ ሽቦውን ያደርቀዋል። የደረቀው ቦታ ዳር ላይ መልሶ ይበጠሳል። ትክክለኛው ሥራ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ማውጣትና ለስላሳ፣ ብዙ ክር ያለው አዲስ ሽቦ ማስገባት ነው። መገጣጠሚያዎቹ ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ ይሁኑ፤ አንዱ ሰውነቱ ውስጥ፣ ሌላው ክዳኑ ውስጥ። ጊዜ ይወስዳል። ዋጋውም እንደ ጊዜው ነው።

ሽቦው ደህና ሆኖም ሊያስቸግር ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ እየተከፈተ ሞተሩ ሲጠፋ እምቢ የሚል ከሆነ ባትሪውን አስለኩ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። ያቺ ልዩነት ለደከመች የሎክ ሞተር ብዙ ናት። ላቫጆ ከገባ በኋላ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ከታርጋው በላይ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ጠርጥሩ። ጎማው ከቆየ ይሰነጠቃል ወይም ቀልጦ ይለጠፋል፣ ውሃም ይገባል። ያኔ አለመከፈት ብቻ ሳይሆን ሳትነኩት በራሱም ሊከፈት ይችላል። ይህች ቁልፍ ከሎኩ ጋር ምንም አያገናኛትም። በካቦ የሚሠራ መኪና ከሆነ ማንሻውን ሳቡትና በእጃችሁ አዳምጡት፤ ልል ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ካቦው ተስቦ ነው። መወጠር ወይም መቀየር ያለበት እሱ ነው።

«ድርግም አድርገህ ዝጋው»

ይህ ምክር ነገሩን ያባብሰዋል። ክዳኑን እጃችሁን አሳርፋችሁ ጫን ስትሉት የሚከፈት ከሆነ መንጠቆው በጣም ተወጥሯል ማለት ነው። ጥርሷ ላይ ብዙ ጫና አለ፣ ሞተሯ ልትስባት አቅም ያንሳታል። ለምን ተወጠረ? ወይ ኮፈኑ ከልክ በላይ ተጭኖ ዕቃው ክዳኑን ከውስጥ እየገፋው ነው። ከመቂ መንገድ ሽንኩርት በጆንያ ጭኖ የሚመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ወይ የዳሩ ጎሚኒ፣ ማሸጊያ ጎማው፣ ተቀይሮ አዲሱ ወፍራም ነው። ወይ ደግሞ መኪናው ከኋላ ተመቷል።

የመጨረሻው እኛ ከተማ ውስጥ ብዙ ነው። ባጃጅ ከኋላ ነካ ያደርጋል፣ ላሜራው ይስተካከላል፣ ቀለሙ ያምራል። የታችኛው ብረት ግን ሁለት ሚሊ ሜትር እንደተገፋ ይቀራል። እሱን ማስተካከል ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ያለበትን ቦታ በእርሳስ አስምሩበት። ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርጉ፣ ትንሽ አንቀሳቅሱ፣ እሰሩ፣ ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ክዳኑን ግራና ቀኙን እዩት፤ ክፍተቱ እኩል ካልሆነ ችግሩ ማጠፊያው ላይ ነው፣ ለላሜራ ሠራተኛው መልሱለት። ድርግም የሚያደርጉት ሰዎች ግን ይህንን ሁሉ ትተው መስታወቱንም ሎኩንም ይቀጠቅጣሉ።

«የተቃጠለ ዘይት አፍስበት»

በፍጹም። አዳማ ነፋስ ያለባት ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ከ130 በላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። ነፋሱ አቧራ ያመጣል፣ ወፍራም ዘይት አቧራውን ይይዛል፣ ሁለቱ ተደባልቀው ሎኩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበሉታል። ደብሊውዲ 40 ለማጽዳት ጥሩ ነው። ግን በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የተፈለገው ውሃን ለማባረር ነበር፤ ቅባቱ አይቆይም። እሱን ነፍታችሁ ቆሻሻውን በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ትንሽ ነጭ ግራሶ ቀቡት። ትንሽ ነው ያልኩት።

«ፒስተኑ ስለደከመ ነው የማይከፈተው»

ፒስተኑ ክዳኑን ያነሳል እንጂ ሎክ አይፈታም። ጆሯችሁን ስጡ። ቁልፉን ስትጫኑ «ታክ» ብሎ ክዳኑ ካልተነሳ ሎኩ ሥራውን ጨርሷል፤ ፒስተኑ ደክሟል ወይም በቀኑ ሙቀት ጎሚኒው ቀለሙ ላይ ተጣብቋል። ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪክ ፈልጉ።

«ከተዘጋ ተዘጋ፣ መስበር ነው»

ሶደሬ ሊዝናና የወጣ ቤተሰብ ምግቡም ልብሱም ኮፈን ውስጥ ተቆልፎበት ሎኩን በፌሮ ሊፈለቅቅ ሲል ደውሎልኝ ያውቃል። የኋላ ወንበሩን አጥፉት አልኩት። ልጅየው በዚያ ገብቶ ዕቃውን አወጣ። በብዙ ሀችባኮች ደግሞ ወንበሩን አጥፎ የክዳኑን የውስጥ ፕላስቲክ ማውለቅ ይቻላል፤ ከጀርባው መንጠቆውን በካቻቢቴ ማላቀቂያ ቦታ አለ። ለአሜሪካ ገበያ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ሴዳን ከሆነ ኮፈኑ ውስጥ በጨለማ የሚያበራ እጀታ አለው፤ እዚያ አገር በሕግ ግዴታ ነው። ከሌላ አገር የመጣው ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ልጆች ኮፈን ውስጥ ድብብቆሽ እንዳይጫወቱ። በአዳማ ሙቀት ቀልድ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። አንዳንድ መኪኖች ላይ መኪናውን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ኮፈኑ እንዳይከፈት የሚያደርግ ማጥፊያ አለ። ብዙ ጊዜ ከፊት ተሳፋሪው ፊት ባለው ኪስ ውስጥ ነው። ልጅ ነካክቶት ኮፈኑ ዝም ያለበት መኪና በክሬን ተጎትቶ ሲመጣ አይቻለሁ። በጣቴ ጫን አደረግኩት፣ ተከፈተ። ባለቤቱ ስንት ነው ብሎ ለመጠየቅ አፍሮ ነበር።

«የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ትልቅ ስለሆነ ይህ ችግር አይነካውም»

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የበዛው ወሬ ይሄ ነው። ሎኩን፣ ሪሞቱን፣ ክዳኑን የሚያነሳውን ሞተር የሚያሠራው ትልቁ ባትሪ አይደለም። ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁ 80 በመቶ ቢሞላ እንኳ ትንሹ ከሞተ በሩም ኮፈኑም አይሰማችሁም። ያኔ ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀችውን የብረት ቁልፍ አውጥታችሁ የሾፌሩን በር ክፈቱ። በብዙዎቹ ትንሹ ባትሪ ያለው ከፊት ኮፈን ሥር ነው፣ እሱም በካቦ ይከፈታል። ከሌላ መኪና ኃይል ወስዶ ማስነሻ ገመዱን ግን አብዛኛው ሰው የሚያስቀምጠው የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው። አውጡትና ከወንበር ሥር አድርጉት።