የአደጋ ስጋት ቅነሳ ምንድን ነው?

የአደጋ ስጋት ቅነሳ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው ስብሰባና ፓወርፖይንት ነው፣ እውነት ለመናገር እኔም እንደዛው ነበርኩ። ውስጡ ያለው ሀሳብ ግን ቀላል ነው፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት ጉዳቱን የሚያሳንስ ስራ መስራት ነው፣ የሚያምታታው አንዱ ነገር ራሱ ቃሉ ይመስለኛል። እኛ ጎርፉንም አደጋ እንላለን፣ ጎርፉ ሰው ወስዶ ቤት አፍርሶ ሲሄድ የደረሰውንም ጉዳት አደጋ እንላለን። ስራቸው ይሄ የሆነ ሰዎች ግን ሁለቱን ይለያዩዋቸዋል፣ ዝናቡ ንፋሱ ድርቁ ሙቀቱ ክስተት ነው፣ አደጋ የሚሆነው ክስተቱ ሰው ላይ ደርሶ ሰውየው መቋቋም ሲያቅተው ነው። ማንም የማይኖርበት ሜዳ ላይ የወረደ ዶፍ ማንንም አይጎዳም፣ ያው ዶፍ ወንዝ ዳር ቤት በተደረደረበትና የውሃ መውረጃው በፕላስቲክ በተደፈነበት ከተማ ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለዛም ነው "የተፈጥሮ አደጋ" የሚለውን አባባል ብዙዎቹ የማይወዱት፣ ጥፋቱን ሁሉ ሰማይ ላይ ይለጥፋላ።

የሊቢያዋን ደርና እንያት (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መስከረም 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል ያመጣው ዝናብ በጣም ከባድ ነበር፣ ይሄ አይካድም፣ ግን የከተማዋን ትልቅ ክፍል በአንድ ሌሊት ጠርጎ ወደ ባህር የወሰደውና በሺዎች የሚቆጠር ሰው የጨረሰው ከላይዋ የነበሩት ሁለት ግድቦች ተደርምሰው ነው። ግድቦቹ በ1970ዎቹ የተሰሩ ናቸው፣ ስንጥቅ እንዳለባቸው ከ1998 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እንግዲህ ይሄን ዝናብ ገደለ ነው የምንለው?

ክስተቱ ራሱ ደሞ እየባሰ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፣ ስለዚህ ሲለቀው በአንዴ ነው የሚለቀው። ድሮ ለነበረው ዝናብ ተለክቶ የተሰራ ድልድይና ቱቦ አሁን የማይበቃው ለዛ ነው።

ስጋት መቀነስ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው እኔ ሁሌም የምጠቅሰው ባንግላዲሽን ነው። በ1970 ቦላ የተባለው ሳይክሎን (ከባህር የሚነሳ ከባድ አውሎ ንፋስ ነው) ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። በ1991 ሌላ መጣና 138,000 ገደማ ሞተ። በ2007 ሲድር መጣ፣ በንፋስ ጉልበት ከ1970ው የማያንስ፣ የሞተው ሰው 3,400 አካባቢ ነው። በ2020 አምፋን ሲመጣ ደሞ፣ ያውም ኮሮና መሀል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ከባህር ዳርቻው እንዲወጣ ተደርጎ እዛው ባንግላዲሽ ውስጥ የሞተው በአስር ቤት የሚቆጠር ሰው ብቻ ሆነ። አገሩ ሀብታም ስለሆነ አይደለም፣ ባህሩም ከቦታው ፈቅ አላለም። ከ1972 ጀምሮ ከቀይ ጨረቃ ማህበር ጋር ሆነው በጎ ፈቃደኛ ማደራጀት ጀመሩ፣ አሁን ከ70,000 በላይ ናቸው፣ ማዕበል ሲቃረብ ሜጋፎን ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ባንዲራው ከአንድ ወደ ሶስት ሲጨምር ማንበብ የማይችለውም ሰው ምን እንደመጣ ያውቃል። መጠለያዎቹ ከፍ ባለ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ብዙዎቹ በሰላሙ ጊዜ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ይሄ ብልህነት ነው ባይ ነኝ፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ቤት ማንም አያድሰውማ።

ግን እኔን የበለጠ የገረመኝ ከዚህ ሁሉ በታች ያለው ነገር ነው። በ1991 ሴቶች ከወንዶች በጣም በላይ ነበር ያለቁት። ምክንያቱ ሲጠና አንዷ ባሏን ስትጠብቅ፣ ሌላዋ ልጆች ይዛ መሮጥ ሳትችል፣ ሌላዋ ደሞ መጠለያው ወንድ ሴት ተቀላቅሎ የሚታጨቅበት ስለሆነ አልገባም ብላ ነው። ስለዚህ የሴቶች ክፍል ተለየ፣ ከበጎ ፈቃደኞቹም ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆኑ፣ ሴት ሄዳ ስታንኳኳ ነው በሩ የሚከፈተው። ከብቱን ጥሎ የማይወጣ ሰውም አለ፣ ስንፍና አይደለም፣ ኑሮው እኮ እሷው ላም ናት፣ ለሱ ደሞ ከብት የሚቆምበት ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተሰራ። ሳተላይት ይሄን አያሳይም።

ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትንበያ ወጣ ማለት ሰው ተነገረው ማለት አይደለም፣ ተነገረው ማለትም ገባው ማለት አይደለም። ህዳር 2013 ፊሊፒንስ ላይ ሃያን የተባለው አውሎ ንፋስ ሲመጣ ባለሙያዎቹ በትክክል ተንብየው ነበር፣ ማስጠንቀቂያውም ወጥቷል፣ ግን ባህሩን ገፍቶ ወደ መሬት የሚያስወጣውን ማዕበል የጠሩበት ቃል የእንግሊዝኛ የሙያ ቃል ሆነና ብዙ ሰው አልገባውም። ከተረፉት የታክሎባን ከተማ ሰዎች አንዳንዶቹ በኋላ ሱናሚ ብትሉን ኖሮ እንሮጥ ነበር ነው ያሉት። ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። ስፔን ቫሌንሲያ ላይ ደሞ ጥቅምት 29፣ 2024 የሚቲዎሮሎጂ መስሪያ ቤቱ ከጠዋት ቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ የሰው ስልክ ላይ መልእክቱ የጮኸው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ ብዙ ሰው መኪናው ውስጥና ምድር ቤት በውሃ ተከቧል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፣ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፣ ያውም መሳሪያ ባልጠፋበት አገር።

ጊዜው ደሞ ዋጋ አለው፣ የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚደርሰውን ውድመት 30 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ይገመታል። የተባበሩት መንግስታት ዋና ፀሀፊ ጉቴሬዝ መጋቢት 2022 ላይ በ2027 መጨረሻ ማስጠንቀቂያ የማይደርሰው ሰው አይኑር ብለው ቀጠሮ ይዘዋል። ከዛ በፊት በ2015 ጃፓን ሴንዳይ ላይ አገሮች እስከ 2030 የሚሰራ ማዕቀፍ ተስማምተዋል፣ ዝርዝሩ ብዙ ነው፣ ፍሬ ነገሩ ግን ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ ስጋቱን ማቅለል ነው።

አሁን ደሞ አይበገሬነት የሚሉት ቃል አለ። እኔ ቃሉን ብዙም አልወደው፣ ጀግንነት ያስመስለዋል፣ ተመትተህ ዝም በል ዓይነት። ማለት የተፈለገው ግን ማህበረሰቡ ሲመታ በቶሎ መነሳት መቻሉን ነው፣ መተዳደሪያውን ሳይሸጥ። ድርቅ ላይ በደንብ ይታያል፣ የሚበላው ያለቀበት ሰው መጀመሪያ ከብቱን በርካሽ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ዘሩን ይበላል፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራውም የሚያርስበትም የለውም፣ ድርቁ አለፈ እሱ ግን አላለፈለትም። ስለዚህ አሁን አሁን እርዳታውን ቀድሞ መስጠት እየተሞከረ ነው፣ ሐምሌ 2020 ባንግላዲሽ ውስጥ የጎርፍ ትንበያው የተቀመጠለትን መስመር እንዳለፈ የተባበሩት መንግስታት የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ጎርፉ ከፍታው ላይ ሳይደርስ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ለቀቀ። ያን ገንዘብ ቀድሞ ያገኘ ሰው ምግብ ይገዛል፣ ከብቱን ያሸሻል፣ አራጣ አይበደርም።

ግንባታን በተመለከተ እኔ ሁሌ ግድግዳ አቁሙ ለሚሉት ትንሽ እጠራጠራለሁ። ግድግዳ ሰው ያዘናጋል፣ ተከልለናል ተብሎ ከኋላው ሌላ ሰፈር ይሰራል፣ የተሰበረ ቀን ጉዳቱ ድሮ ከነበረው ይብሳል፣ የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ በ2005 መከለያዎቿ ሲሰበሩ 80 በመቶው ከተማ ነው ውሃ የዋጠው። ሆላንዶች እንኳን፣ በግድግዳ የሚኖሩት፣ በ1995 ሩብ ሚሊዮን ሰው በጎርፍ ስጋት ከቤቱ ካስወጡ በኋላ ለወንዙ ቦታ እንልቀቅለት ብለው ናይሜኸን ከተማ ላይ መከለያውን 350 ሜትር ወደ ኋላ ስበውታል።

ሰፈር ውስጥ ሲወርድ ግን ስራው ይሄን ያህል ትልቅ አይመስልም። ነዋሪው ተሰብስቦ መሬት ላይ ካርታ ይስላል፣ ውሃው ባለፈው ጊዜ እስከየት መጣ፣ የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ፣ ማነው ተሸክሞ የሚያወጣው፣ እሱ ስራ ላይ ከሆነስ ማን ይተካዋል፣ በሌሊት መብራት ሲጠፋ በምን እንጠራራለን። እና ደሞ የመጠለያው ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያዡ ወንዙን ተሻግሮ የሚኖር ሰው ሆኖ ይገኛል።