ኦብጀክቱ ሴሽን ውስጥ አልተበላሸም

«ኦብጀክቱን ሴሽን ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ በሚቀጥለው ገጽ ግን ተበላሽቶ አገኘሁት።» ይህን ቅሬታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ተከትሎ የሚመጣው ፍርድም አይለወጥም፤ ፒኤችፒ (ድረ ገጾች የሚጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ) ጥፋተኛ ነው፣ ሰርቨሩ ጥፋተኛ ነው፣ ኮዱን ከጻፈው ሰው በስተቀር ሁሉም ጥፋተኛ ነው።

ሴሽን ሰርቨሩ ስለ አንድ ጎብኚ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያቆየው መረጃ ነው፤ ኦብጀክት ደግሞ ክላስ በተባለ ንድፍ የተሠራ፣ ዋጋዎችና ሜተዶች (ተግባሮች) ያሉት ነገር ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ኦብጀክቱ ከነነፍሱ ሴሽን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል ከሚል እምነት ነው። አይጠብቅም። ገጹ ሥራውን ሲጨርስ ኦብጀክቱም አብሮ ይጠፋል። ሴሽን ፋይሉ ላይ የሚቀረው የክላሱ ስምና ኦብጀክቱ የያዛቸው ዋጋዎች ናቸው፤ ተራ ጽሑፍ። ሜተዶቹ አይጻፉም፤ እነርሱ ያሉት ክላሱ በተጻፈበት ፋይል ነው። በሚቀጥለው ገጽ ሴሽን ስታርት (ሴሽኑን የሚከፍተው ትእዛዝ) ሲጠራ ፒኤችፒ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ኦብጀክቱን እንደ አዲስ ይገነባል። በዚያች ቅጽበት ክላሱን ካላወቀው «ፒኤችፒ ኢንኮምፕሊት ክላስ» (ያልተሟላ ክላስ) የሚል ስም ይለጥፍበታል። ክላሱን ከሁለት መስመር በኋላ መጫን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ ባልደረባዬ በዚህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ አድሯል። የግዢ ቅርጫቱን ኦብጀክት ሲያሳትመው ዕቃዎቹ አንድም ሳይጎድል ይታዩታል፤ ድምሩን አስላ ሲለው ግን ገጹ በስህተት ይቆማል። ወደ መጀመሪያው ገጽ ሲመለስ ደግሞ ሁሉም ደህና ነው! ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ያልተሟላው ኦብጀክት የቀድሞ ስሙን በውስጡ ስለሚይዝ፣ ተመልሶ ሲጻፍ እንደነበረው ይጻፋል፤ ክላሱን የሚያውቅ ገጽ ሲያገኝም ይነቃል። ጠዋት ሁለት መስመሮች አቀያየርኩለት፤ ክላሱ ከላይ፣ ሴሽን ስታርት ከታች። አላመሰገነኝም። አውቶሎደር (ክላሶችን ሲያስፈልጉ በራሱ የሚጭን ኮድ) የምትጠቀሙ ከሆነም ምዝገባው ከሴሽን ስታርት ይቅደም።

ኦብጀክቱ ኩኪ (ብሮውዘሩ የሚይዘው ትንሽ መረጃ) ውስጥ ነው የሚሉም አሉ። በፒኤችፒ የተለመደ አሠራር ኩኪው የሚይዘው የሴሽኑን መለያ ብቻ ነው።

ኦብጀክቱ ሲመለስ ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክት አዲስ ሲፈጠር የሚሠራው ሜተድ) ይሠራል? አይሠራም። ለዚያ ዌክአፕ የተባለ ሜተድ አለ፤ ከፒኤችፒ 7.4 ወዲህ አንሴሪያላይዝ የተባለውም ተጨምሯል። የዳታቤዝ ግንኙነትን ከኦብጀክቱ ጋር ጠቅልለው ሊያስቀምጡ የሚሞክሩት ደግሞ ትዕግሥቴን ይፈትኑታል። የተከፈተ ግንኙነት በጽሑፍ አይቀመጥም፤ ፒዲኦ (የፒኤችፒ የዳታቤዝ ማገናኛ) ገና ሲሞከር እምቢ ይላል። በስሊፕ ሜተድ የሚቀመጡትን ብቻ ጥቀሱ፤ ግንኙነቱን ሲመለስ እንደገና ክፈቱት።

ሴሽን ተጠቃሚው እስኪወጣ ይቆያል የሚለውም ልክ አይደለም። ነባሪው ገደብ 1440 ሰከንድ ነው፤ ያ ካለፈ በኋላ ፋይሉ በማንኛውም ሰዓት ሊጠረግ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካወቃችሁ በኋላ እንኳ ኦብጀክቱን ባታስቀምጡት እመርጣለሁ። እኔም በጀማሪነቴ የተጠቃሚውን ኦብጀክት ከነሥልጣኑ ሴሽን ውስጥ ከትቼ ነበር። አንድ ሰው ከአስተዳዳሪነት ተነሣ፤ ዳታቤዙም ይህን መዘገበ። ሴሽኑ ግን የትናንቱን ቅጂ እንደያዘ ስለነበር፣ ሰውየው ራሱ እስኪወጣ ድረስ እንደ ልቡ ሲያዝዝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሴሽን ውስጥ የማስገባው የተጠቃሚውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የቀረውን በየገጹ ከዳታቤዝ አነባለሁ።