ስልኩ ኪስ ውስጥ ሳለ ዳታውን የሚበላው ማን ነው?

ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስኪደረስ፣ ስልኩ ከኪስ ሳይወጣ ጥቅሉ ሲቀንስ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ኔትወርኩን ነው። አስቀድሞ ስልኩን መመርመር ግን ይቀላል።

በአንድሮይድ ቅንብሮች ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለው ገጽ መተግበሪያዎችን በፍጆታቸው ቅደም ተከተል ያሳያል። አንዱን ሲነኩ ፍጆታው ለሁለት ይከፈላል። የፊት ለፊቱ መተግበሪያው ተከፍቶ ሳለ የወጣው ነው፤ የበስተጀርባው ደግሞ ስልኩ ተቆልፎም ቢሆን ፎቶ ሲልክና መልእክት ሲያመሳስል የወጣው። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል ከፍተው ያላዩት ቪዲዮ በራሱ ከወረደ የሚቆጠረው በፊት ለፊቱ ነው፤ ስለዚህ የበስተጀርባውን ብቻ ማየት ያሳስታል። ቆጠራው የሚሄደው በወር መሆኑንም ልብ ይበሉ። የቀን ጥቅል የሚገዛ ሰው ሲገዛ በዚህ ገጽ ላይ የሚያየውን ቁጥር ይያዝ፤ ሲያልቅ ያነጻጽር።

ዋናው ተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ ሆትስፖት ነው። ላፕቶፕ ከስልክዎ ሲገናኝ የሚያየው ተራ ዋይፋይ ነው፤ ዳታው በሜጋባይት እየተቆጠረ መሸጡን አያውቅም። ስለዚህ ዊንዶውስ ዝመናውን ያለ ሐሳብ ያወርዳል። መፍትሔው ያንን ግንኙነት በላፕቶፑ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ፍጆታው የሚለካ ብሎ መመዝገብ ነው።

ለአንድ መተግበሪያ የበስተጀርባ ዳታ መከልከልም ይቻላል። የመልእክት መተግበሪያ ላይ ከተደረገ ግን መተግበሪያውን እስኪከፍቱት መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ለፎቶና ለጨዋታ መተግበሪያዎች ይሻላል።