«ደግነቱ ወተት ይጠጣል»፦ ስለ ሕፃናት አንጎልና ምግብ የምሰማቸው ስህተቶች

በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የሕፃናት እድገት ክትትል ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ልጃቸውን ሚዛኑ ላይ እያስቀመጡ «ምግብ እንኳ እንቢ ብሎኛል፤ ደግነቱ ወተት ይጠጣል» ያላሉኝ እናቶች በጣም ጥቂቶች ናቸው። ድሮ ይህን ስሰማ ረጋ ብዬ አስረዳ ነበር፤ አሁን ግን «ደግነቱ» የምትለዋ ቃል ገና ከአፋቸው ስትወጣ ፊቴ እንደሚለዋወጥ የሥራ ባልደረቦቼ ይነግሩኛል። ልጁ ምግብ እንቢ ያለው በአብዛኛው ወተት ስለሚጠጣ ነውና፣ ችግሩን ራሱን እንደ መጽናኛ ሲያቀርቡልኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወተት ክፉ ነው የሚል የለም። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ለልጅ ይጠቅማል፤ የእናት ጡትም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢቀጥል እሰየው ነው። እኔ የምናገረው አንድ ዓመት አልፎት ቀኑን ሙሉ የላም ወተት በጡጦ ስለሚጠጣው ልጅ ነው። የሰው አንጎል 2 ዓመት ሲሞላው በመጠን የአዋቂን አንጎል 80 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ በዚህ ፍጥነት ሲገነባ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማይሊን ለመሥራትም ሆነ የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን እንደ ዶፓሚን ያሉ ንጥረ ነገሮች ለማዘጋጀት አይረን (ብረት የሚባለው ማዕድን) የግድ ያስፈልገዋል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊግራም ያህል አይረን እንዲያገኝ ይመከራል፤ በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ያለው ግን 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ይህ አልበቃ ብሎ የወተቱ ካልሲየም ከሌላ ምግብ የሚገኘው አይረን በአንጀት በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል፤ ሆዱ በወተት የተነፋ ልጅ ደግሞ ለምስርም ለሥጋም ቦታ የለውም። በዚህ ዕድሜ የአይረን እጥረት ከቆየ፣ በኋላ ደሙ ቢስተካከል እንኳ በትኩረትና በመማር ችሎታ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሳይሽር ሊቀር ይችላል።

ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት የ20 ወር ልጇን ይዛ የገባችው ክብደቱን ለማየት ብቻ ነበር። ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጎረቤት የሚቀናበት ልጅ ነው፤ በቀን 5 ጡጦ ወተት ይጠጣል። ከጠረጴዛዬ አጠገብ እንደቆመ ግድግዳውን በጥፍሩ እየፋቀ ይልስ ጀመር። እናቱ እያፈረች «ካልሲየም ጎድሎት ነው ብለውኝ ወተቱን ጨምሬለታለሁ» አለችኝ። አፈርና ኖራ የሚልስ ልጅ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ ካልሲየም ይላል፤ እኛ ግን አስቀድመን የምንጠረጥረው አይረንን ነው። ሄሞግሎቢኑ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውና ከአይረን የሚሠራው ፕሮቲን) 9.6 ሆኖ ተገኘ፤ የደም ማነስ ነው። ሐኪሙ ለ3 ወር የሚወሰድ የአይረን ሽሮፕ አዘዘለት፤ እኔ ደግሞ ጡጦውን አስጥዬ ወተቱን በቀን ወደ ሁለት ኩባያ አወረድኩት። እናቱ በመጀመሪያው ሳምንት እያለቀሰ እንቅልፍ እንደነሳት ነገረችኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን የምስር ፍትፍት እየጠየቀ መብላት ጀመረ፤ ግድግዳ መላሱም ቀረ። እንዲህ ያለውን ምርመራና ሽሮፕ የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ከፋርማሲ በግምት እየገዛችሁ እንዳትጀምሩ።

የምርመራ ወረቀት ይዘው «ደሙ ደህና ነው» ብለው የሚከራከሩኝም አሉ። አንድ አባት የ3 ዓመት ልጁ ሄሞግሎቢን 11.4 መሆኑን አሳይቶኝ፣ የደም ማነስ የሚባለው ከ11 በታች ሲሆን ስለሆነ ችግር የለበትም አለኝ። ይህ መነሻ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ለሚኖር ሰው የወጣ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮ ከፍ ይላል፤ ከቁጥሩ ላይ ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ ነው የሚነበበው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው ማሳየቱን ለነገርኩት ጊዜ ነው ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ የመለሰው።

በቆርቆሮ የሚሸጠውና መለያው ላይ «ለአእምሮ እድገት» የሚል የተጻፈበት የታዳጊዎች ዱቄት ወተትም ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ12 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች እንዲህ ያለው ወተት አይመከርም ብሏል። በአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ አስሉና ወስኑ።

ታዲያ ምን እናብላው ለሚለኝ መልሴ አጭር አይደለም። በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ወይም ጉበት ከሁሉ ይቀድማል፤ ጉበት ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ቁራሽ ይበቃል። ምስርና ሽሮ ሲሠራ ቲማቲም ይብዛበት፤ ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ዘይቱን ይሰጠው፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህልና የጥራጥሬ አይረን ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። እንጀራው ቡኮው በደንብ የቦካ ይሁን፤ መቦካቱ በጤፍ ውስጥ አይረንን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳልና። ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ እየነከሩ ማጉረስ ግን ይቅር፤ ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን አይረኑን ያስቀራል። ጨው በልጅ ምግብ ላይ ከገባም ጥቂት፣ አዮዲን ያለው፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል የተጨመረ ይሁን።

«ሥጋ ለሕፃን ሆድ ይከብዳል፤ መረቁን እሰጠዋለሁ» የሚሉ አያቶች ብዙ ናቸው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን በእናቴ ምክር በመረቅ ነው ያሳደግሁት፤ ሥጋውን የምበላው እኔ ነበርኩ። ሥጋ ሲቀቀል አይረኑም ፕሮቲኑም በአብዛኛው እዚያው ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ውኃው የሚወጣው በዋናነት ጣዕምና ጥቂት ስብ ነው። ሥጋውን አድቅቆ ከመረቁ ጋር ማቅረብ ማንን ይጎዳል?

የ12 እህል ምጥንም እንዲሁ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ጤፍ እየተባለ ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ልጁ ጎበዝ የሚሆን ይመስላል፤ እነዚህ ሁሉ ግን እህል ናቸው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላውም ይጎድለዋል። ሁለት እህልና አንድ ጥራጥሬ ይበቃል፤ ገንፎው ላይ እንቁላል ቢመታበት ወይም ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ቢገባበት ከዘጠኝ ተጨማሪ እህል ይበልጣል። ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ መርዝ ስላለው ይጣል፤ ሳይፈጭ የተሰጠው ደግሞ ልጅ ያንቃል። እንደ ውኃ የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይነፋል እንጂ አያጠግብም።

እንቁላል ለሕፃን ይከብዳል የሚለው ስህተት ነው፤ አንድ እንቁላል ውስጥ ለአንጎል የሚያስፈልግ ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር 150 ሚሊግራም ያህል አለ፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 200 ነው። ስኳር ለአንጎል ኃይል ይሰጣል ብሎ ብስኩት ማብላት ጥርስ ያበላሻል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ተልባ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለውን ኦሜጋ 3 የተባለ ስብ ሰውነታችን አንጎል ወደሚፈልገው ዓይነት የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ የቆርቆሮ ሰርዲን ጨዉ በውኃ ታጥቦና አጥንቱ ተፈጭቶ ቢሰጥ የተሻለ ነው። ብልህ የሚያደርግ ሽሮፕ የሚባል ነገር የለም።

የመጨረሻው ጉዳይ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ የሚመጣብኝ ነው። 55 ቀን ሙሉ እንቁላልም ሥጋም ያልቀመሰ የ1 ዓመት ተኩል ልጅ ሲቀርብልኝ እናትየዋን «ለምን ታስጾሚያታለሽ?» እላለሁ። «ኧረ እኔስ አላስጾምኳትም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ጾሙ ሕፃናትን እንደማይመለከት የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ያስተምራሉ። ልጅቷን ያስጾማት ድስቱ ነው። በቤቱ ያለው ድስት አንድ ነው፤ ፍስክ ከነካው አዋቂው የሚበላበት ስለሌለ ለሕፃኗም ሽሮ ብቻ ይሠራላታል። አምና አንዲት አያት ይህንኑ ሲነግሩኝ፣ «እማማ፣ ከመርካቶ አንዲት ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ቢላዋ ይግዙና ለልጅቷ ለይተው ያስቀምጡ» አልኳቸው። ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ እንዳይቸገሩም፣ ከጾሙ በፊት ያለ በርበሬ ቋንጣ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ገንፎው ሲፈላ እንዲጨምሩበት ነገርኳቸው። በቀጠሮው ቀን ሲመለሱ ድስቷን መያዣዋ ላይ ቀይ ክር አስረው ከላይኛው መደርደሪያ እንዳኖሯት አወሩኝ፤ ልጅቷም ክብደት ጨምራለች። ማንኪያውንም ገዝተዋል። ቢላዋውን ግን ትተውታል፤ እንቁላል ቢላዋ አይፈልግም አሉኝ።