የበረሃ እባብ ፍለጋ ምንድን ነው?

የበረሃ እባብ ፍለጋ ማለት እባቡን ሳይነኩና ከመኖሪያው ሳያፈናቅሉ፣ ባለበት ለማየት፣ ፎቶግራፍ ለማንሳት ወይም ለጥናት ለመመዝገብ የሚደረግ አሰሳ ነው። «ፍለጋ» እና «ፈለግ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ለዚህ ሥራም ይህ ዝምድና እጅግ ይስማማዋል፣ በአሸዋ ላይ አስቀድሞ የሚፈለገው እባቡ ሳይሆን ፈለጉ፣ ማለትም ዱካው ነውና።

እባቡን በዓይን ማግኘት ከባድ ነው። በሰሃራ የሚኖረው ቀንዳም እፉኝት ገላውን ግራና ቀኝ እያንቀጠቀጠ አሸዋ ውስጥ ይሰምጥና ከላይ የሚታዩት ዓይኖቹና ቀንዶቹ ብቻ ይሆናሉ። በናሚብ በረሃ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሌላ እፉኝት ደግሞ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ስለሆኑ ተቀብሮም ዙሪያውን ይቃኛል፤ የጅራቱን ጫፍ ከአሸዋው አውጥቶ እያወዛወዘም እንሽላሊት ያማልላል።

ዱካው ግን አይደበቅም። እነዚህ እፉኝቶች በላላ አሸዋ ላይ የሚጓዙት ወደ ጎን ነው፤ ገላቸውን በየተራ እያነሱ ስለሚያሳርፉት አንድ ወጥ መስመር አይተዉም፤ አሸዋው ላይ የሚቀረው እንደ መሰላል እርከን የተነጣጠሉ ትይዩ ሰረዞች ናቸው። የአንዱ ሰረዝ ርዝመት ከእባቡ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዱካውን ብቻ አይቶ መጠኑን መገመት ይቻላል፤ አሸዋው ደቃቅ ሲሆን የሆዱ ቅርፊቶች አሻራ ሳይቀር ይታያል። የጥንዚዛ እግር ሰረዙን አቋርጦ ካለፈ፣ እባቡ ከጥንዚዛው በፊት ሄዷል ማለት ነው፤ ጠርዙን ነፋስ ካለሰለሰውም ዱካው ቆይቷል።

በሞቃታማው ወራት በቀትር የአሸዋው ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ስለሚችል፣ የገዛ ሙቀቱን የማያመነጨው እባብ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። ስለዚህ ዱካ የሚነበበው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣና ዝቅ ያለችው ፀሐይ በእያንዳንዱ ሰረዝ ውስጥ ጥላ ስትጥል ነው። ወፍራም ቦት ጫማ፣ ጓደኛና በአቅራቢያ ያለውን ሆስፒታል አስቀድሞ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ከተነደፉም መቁረጥ፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል እንጂ አያድንም።

ዱካው ወደ ጉድጓድ ሳይገባ ቁጥቋጦ ሥር ድንገት ከተቋረጠ እባቡ ያለው እዚያው ከአሸዋው በታች ነው። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይጨምሩ ቆመው፣ አሸዋ የመሰሉትን ሁለት ዓይኖች በትዕግሥት መፈለግ ይገባል።