የቴክኖሎጂ ጥናት ተንታኝ ምንድን ነው? ሥራውስ ለምን ይወደዳል?

አንድ ባንክ አዲስ ሲስተም ሊገዛ ነው እንበል። ሻጮቹ ተራ በተራ እየመጡ ሁሉም የራሳቸውን ያሞግሳሉ። የአይቲ ኃላፊው ግን ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሻጮቹን ሁሉ የሚያውቅ፣ የማንኛቸውም ወገን ያልሆነ ሰው ማማከር ይፈልጋል። የቴክኖሎጂ ጥናት ተንታኝ የሚባለው ይህ ሰው ነው። ሶፍትዌር አይሠራም፣ አይሸጥም። ገበያውን ያጠናል፣ ይጽፋል፣ ሲጠየቅ ያማክራል።

ሙያው አዲስ አይደለም። ይህን ሥራ የሚሠሩት የጥናት ድርጅቶች አይዲሲ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ጋርትነር በ1979፣ ፎረስተር በ1983 አሜሪካ ውስጥ ተቋቋሙ። የጋርትነር መሥራች ጌዲዮን ጋርትነር አስቀድሞ የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ ሠርቷል፤ ከዚያም ዎል ስትሪት ገብቶ የኮምፒውተር ኩባንያዎችን አክሲዮን ይተነትን ነበር።

የሥራው ጣዕም የሚገባው ግን የተንታኙን የቀን ውሎ ላየ ነው። ጠዋት አንድ ሻጭ ምርቱን ያስተዋውቀዋል፤ "ደንበኞቻችን በሦስት ወር ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ" ይለዋል። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ምርት የገዛ ድርጅት ኃላፊ ይደውልና ዓመት ቢሞላውም ዳታውን አዛውሮ እንዳልጨረሰ ይነግረዋል። ሁለቱም ዋሽተው ላይሆን ይችላል። ሻጩ የሚቆጥረው ሲስተሙ እስኪጫን ያለውን ጊዜ ነው፤ ገዢው ደግሞ መስኮት ላይ ያለችው ገንዘብ ከፋይ ሳትቸገር እስክትሠራበት ያለውን። ተንታኙ ይህን ልዩነት ይዞ ይቀመጣል። ያንኑ ቅሬታ በሌላ ሳምንት ከሌላ ሰው፣ ከዚያም ከሦስተኛው ሲሰማ፣ ገና ማንም ያልጻፈው ነገር እጁ እንደገባ ይታወቀዋል። ሥራውን የሚወዱ ሰዎች የሚወዱት ከሁሉ በላይ ይህችን ቅጽበት ይመስለኛል፤ ደመወዙም ጉዞውም ከእሷ በኋላ ነው የሚመጡት።

ሌላው ደስታ ሁሉም የሚያውቀውን ስሜት ሥዕል ሰጥቶ ማሳየት ነው። የጋርትነሯ ጃኪ ፌን እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበችው "ሃይፕ ሳይክል" እንዲህ ያለ ነው፤ የሆይ ሆይታ ዑደት ልንለው እንችላለን። አዲስ ቴክኖሎጂ ብቅ ይላል፣ ተስፋው ሰማይ ይነካል፣ ከዚያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ኋላ ግን የቀሩት ሰዎች ጥቅሙን ቀስ በቀስ እየተረዱት ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም የዘወትር ዕቃ ይሆናል። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000፣ የኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን የሚሸጥበት የአሜሪካው ናስዳክ ገበያ ጣሪያ ነካ፤ በጥቅምት 2002 ከዋጋው ሦስት አራተኛ በላይ ጠፍቶ ነበር። በኢንተርኔት መገበያየት ግን ይኸው አልጠፋም።

ፈተናም አለው። ብዙ የጥናት ድርጅቶች ከገዢም ከሻጭም ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ተንታኙ ነፃነቱን በየቀኑ መጠበቅ አለበት። ከፋይ ለሆነ ኩባንያ "ይህ ምርትህ ገና አልበሰለም" ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰው ተመዘገበ?" የሚለውን ነበር። ተንታኝ ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ከተመዘገቡት ውስጥ ባለፉት 30 ቀናት የተጠቀመበት ስንቱ ነው? ስንቱ ገንዘብ ይልክበታል፣ ስንቱ የስልክ ካርድ ብቻ ይሞላበታል? ባለሱቁስ ደንበኛው ስልኩን ሲያወጣ ደስ ይለዋል ወይስ "ጥሬ ብር የለህም?" ይላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ መርካቶ ወርዶ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ግማሽ ቀን መቆም ያስፈልጋል።